ባንክራፕሲው አልቋል፤ ክሬዲቴን ከየት ልጀምር?

ናፍታ ሹፌር (ቨርጂኒያ) · እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዛሬ ባለቤቴ "ጠይቅ እንጂ፣ እዚያ ማን ያውቅሃል" ስትለኝ ነው የተነሳሁት።

በ2021 የራሴን ትራክ ገዛሁ። ያገለገለ ነው፤ 82,000 ዶላር። ያኔ የጭነት ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ ይገዙ ነበር፣ እኔም ገዛሁ። በ2022 ናፍታ ጋሎኑ ከ5 ዶላር አለፈ። ወዲያው የጭነቱ ዋጋ ወረደ። ቀጥሎ ሞተሩ ተበላሸ። ጥገናውን በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። ከዚያ ኢንሹራንሱን በካርድ፣ ጎማውን በካርድ። በመጨረሻ የቤት ኪራዩንም ከካርድ ባወጣሁት ጥሬ ገንዘብ መክፈል ጀመርኩ። ትራኩን ወሰዱት። በሐራጅ ሸጡትና የጎደለውን አንተ ክፈል አሉኝ። ሁሉም ሲደመር 97,000 ዶላር ሆነ። ቻፕተር 7 የሚባለውን ባንክራፕሲ (ዕዳ በፍርድ ቤት የሚሰረዝበትን) ፋይል አደረግኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዕዳው መሰረዙን የሚገልጸው የዲስቻርጅ ወረቀት በፖስታ መጣልኝ።

ስልኩ ጸጥ ብሏል፤ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። የክሬዲት ስኮሬ ግን 514 ነው። አሁን የኩባንያ ትራክ ነው የምነዳው፣ ደመወዙም ደህና ነው። ሁለት ልጆች አሉን። አራታችንም ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ነን።

እውነት 10 ዓመት መጠበቅ አለብኝ? አንድ ሰው ደግሞ 1,500 ዶላር ክፈለኝና ባንክራፕሲውን ከሪከርድህ አጠፋልሃለሁ ብሎኛል። ይህ የሚሆን ነገር ነው?

ከሁሉ የከበደኝ ግን እቁቡ ነው። ፋይል ከማድረጌ በፊት እቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ስድስት ዙር ይቀረኝ ነበር፣ በዙር 500 ዶላር። ጠበቃው አንድም አበዳሪ መቅረት የለበትም ብሎ የእቁቡን ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባቸው። የፍርድ ቤት ደብዳቤ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ወዳሉበት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻልኩም።

የብሌን እናት (ሜሪላንድ) · እሑድ ማታ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ከዚያ ወጣህ። ቀን ጎድሎብህ ነበር፣ አልፏል።

እኔ ፋይል ያደረግኩት በ2017 ነው። የምግብ ቤት ሽርክና ነበረኝ። ሸሪኬ ጥሎ ሄደ፣ ኪራዩ በስሜ ቀረ። በ2022 ቤት ገዝቻለሁ። ስለዚህ 10 ዓመት ጠብቅ የሚልህን አትስማ። 10 ዓመቱ ቻፕተር 7 ሪፖርትህ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ማንም አያበድርህም ማለት አይደለም። የሚቆጠረውም ፋይል ካደረግክበት ቀን ጀምሮ ነው፣ ዲስቻርጁ ከመጣበት ቀን አይደለም። ቻፕተር 13 (ዕዳን በፍርድ ቤት ዕቅድ ቀስ እያሉ የሚከፍሉበትን) ያደረጉ ሰዎች ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ7 ዓመት ይወርዳል። ያለፉ ካርዶችህ እያንዳንዳቸው መክፈል ካቆምክበት ጊዜ ጀምሮ በ7 ዓመት ይጠፋሉ። ስለዚህ ከባንክራፕሲው ቀድመው የሚወርዱ አሉ። ቤቱን የገዛሁት ባንክራፕሲው ሪፖርቴ ላይ እያለ ነው።

አሁን መጀመሪያ የምታደርገውን ልንገርህ። ካርድ ለማውጣት አትሩጥ። ሪፖርትህን አንብብ። የክሬዲት መዝገብ የሚይዙት ቢሮዎች ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን ሦስቱም "አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት" በሚባለው ድረ ገጽ በኩል በየሳምንቱ በነጻ ይሰጡሃል። ሦስቱንም አትማቸው። ለፍርድ ቤት ያስገባኸውን የአበዳሪዎች ዝርዝር ከጎኑ አስቀምጥ። ከዚያ እስክሪብቶ ይዘህ አንድ በአንድ አስተያይ። የተሰረዘ ዕዳ ሁሉ ባላንሱ ዜሮ መሆን አለበት። በባንክራፕሲ መሰረዙም መጻፍ አለበት። "ቻርጅ ኦፍ" (አበዳሪው ኪሳራ ብሎ የመዘገበው) ብሎ ከጎኑ 6,400 ዶላር ይቀራል የሚል ካገኘህ ስህተት ነው።

እኔ አራት አግኝቻለሁ። አንዱ ዕዳ ለሌላ ሰብሳቢ ድርጅት ተሸጦ፣ በአዲስ ስም እንደ አዲስ ዕዳ ተቀምጦ ነበር። የዲስቻርጁን ኮፒ አያይዤ ዲስፒዩት፣ ማለትም የስህተት አቤቱታ፣ ጻፍኩ። ቢሮዎቹ እንዲመረምሩ ሕጉ የሚሰጣቸው 30 ቀን ነው። ሦስቱ ተስተካከሉ። አራተኛውን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነበረብኝ። አንድም አዲስ ካርድ ሳላወጣ ስኮሬ 41 ነጥብ ጨመረ።

ይህን ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሐበሻ እዚህ ላይ ዘሎ ያልፋል። ዕዳውን ፍርድ ቤት ሰርዞልሃል፣ መዝገቡ ግን አሁንም አለበት እያለ ያወራብሃል። ያንን ሳታስተካክል የምትገነባው ሁሉ አሸዋ ላይ ነው።

ቀጥሎ ሴኪዩርድ ካርድ ነው። 200 ወይም 300 ዶላር ታስይዛለህ፣ ሊሚትህ ያው ይሆናል። ብሩ ያንተው ነው፤ ካርዱን በሰላም ስትዘጋው ወይም ወደ መደበኛ ካርድ ሲቀይሩልህ ይመለሳል። ዕዳውን ባሰረዝክበት ባንክ አትጀምር፤ አብዛኞቹ አይረሱም። ክሬዲት ዩኒየን (በአባላቱ የተያዘ ባንክ መሰል ተቋም) ሞክር። ለሦስቱም ቢሮ ሪፖርት ያደርጋሉ ወይ ብለህ ሳትጠይቅ አትፈርም። ሪፖርት የማያደርግ ካርድ ለዚህ ሥራ አይጠቅምህም።

አጠቃቀሙን ደግሞ ስማኝ። ስቴትመንቱ በሚዘጋበት ቀን ያለው ባላንስ ነው ብዙውን ጊዜ ለቢሮዎቹ የሚላከው። 200 ዶላር ሊሚት ላይ 150 ዶላር ናፍታ ሞልተህ በመክፈያው ቀን ሙሉውን ብትከፍል እንኳ፣ መዝገቡ የሚያየው 75 በመቶ መጠቀምህን ነው። እኔ አንዲት የ18 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ ብቻ አስገባሁበት። በአውቶፔይ ሙሉውን ይከፈላል። ካርዱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ተቀመጥኩ። ትንሽ ባላንስ ማሳደር ስኮር ያሳድጋል የሚሉህ ተሳስተዋል፤ የሚያሳድገው ወለዱን ብቻ ነው። ፋይኮ በሚባለው የስኮር ስሌት 35 በመቶው በጊዜ መክፈልህ ነው፣ 30 በመቶው ምን ያህል ዕዳ እንዳለብህ ነው። ሁለቱን ከያዝክ ሌላው ቀስ ብሎ ይከተላል።

ሦስተኛው ክሬዲት ቢልደር ሎን የሚባለው ነው። ለባለቤትህ ስታስረዳት መጨረሻ ላይ እንደሚወጣ እቁብ ነው በላት። ክሬዲት ዩኒየኑ ለምሳሌ 600 ዶላር በስምህ ቆልፎ ያስቀምጣል። አንተ በየወሩ 50 ዶላር እና ትንሽ ወለድ ትከፍላለህ። በ12ኛው ወር ብሩ ይለቀቅልሃል። ከእቁብ የሚለየው እያንዳንዷ ክፍያ መዝገብ ላይ መጻፏ ነው።

የእቁቡን ጉዳይ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አሉ። እነሱ ይምጡ።

አራዳ በዳላስ · ሰኞ ጠዋት

እኔ በዚህ አልስማማም። ወንድማችን የወደቀው በካርድ ነው። አሁን ደግሞ ካርድ አውጣ እያላችሁት ነው። እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ቻፕተር 7 አድርጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ካርድ የሚባል በኪሴ አልገባም። መኪናዬን በካሽ ገዛሁ፣ 2,300 ዶላር። ስልኬም ቅድሚያ ክፍያ ነው። እንቅልፌን እተኛለሁ።

የብሌን እናት · ሰኞ ከሰዓት

ወንድሜ ዳላስ፣ እንቅልፍህን አልቃወምም። እኔም ለአንድ ዓመት እንዳንተ ነበርኩ። ግን ልጄን ይዤ አፓርታማ ፍለጋ ስወጣ፣ ሦስት ቦታ በክሬዲት ምክንያት መለሱኝ። አራተኛው የሁለት ወር ኪራይ ዲፖዚት ጠየቀኝ። በብዙ ስቴቶች የመኪና ኢንሹራንስ እንኳ ክሬዲት አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጥብህ። ብትበደርም ባትበደርም መዝገቡ ይታያል። እሱ ሁለት ልጆች አሉት፣ ሰፋ ያለ ቤት ይፈልጋል። የምለው ተበደር አይደለም፤ በ18 ዶላር ስምህን አስጠራ ነው።

አራዳ በዳላስ · ሰኞ ማታ

ስለ ኪራዩ ልክ ነሽ። እኔ የምኖረው ዘመዴ ቤት ነው፣ እሱን አላሰብኩትም። ካርድ ላይ ግን አሁንም ፍርሃቴ አለ። ራሱን የሚያውቅ ያውጣ፣ የማያውቅ ይቅርበት።

ከሬንተን (ዋሽንግተን ስቴት) · ሰኞ ማታ

ስለ 1,500 ዶላሩ ሰውዬ ነው የምጽፈው። እባክህ አትክፈለው።

እኔ ከፍያለሁ። 1,200 ዶላር ነበር፣ እዚሁ በእኛ ሰው በኩል። መጀመሪያ ያደረገው በሪፖርቴ ላይ ያለውን ሁሉ፣ እውነቱንም ውሸቱንም፣ "የእኔ አይደለም" ብሎ መጻፍ ነበር። አንዳንዱ ለአንድ ወር ጠፋ። እኔም ደስ ብሎኝ ለሰው አወራሁ። ከዚያ አበዳሪዎቹ ሲያረጋግጡ ሁሉም ተመልሶ መጣ። ቅሬታ ሳቀርብ ሲፒኤን የሚባል አዲስ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ልስጥህ፣ በሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥርህ ምትክ ተጠቀምበት አለኝ። ያን ጊዜ እህቴ አስቆመችኝ። በዚያ ቁጥር ብድር ማመልከት በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ብዙ ጊዜም ቁጥሩ የሌላ ሰው፣ የሕፃን ልጅ ሶሻል ሆኖ ይገኛል። ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው ይህ ምን እንደሚያመጣ አስቡት።

እውነተኛ ባንክራፕሲን ማንም አያጠፋውም። ስህተት ካለ ራስህ በነጻ ታስተካክለዋለህ። ከ1996 ጀምሮ ያለው ሕግ ክሬዲት አስተካክላለሁ የሚል ድርጅት ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ውል ከፈረምክ በኋላም ለማፍረስ ሦስት የሥራ ቀን አለህ። ቅድሚያ ክፈለኝ ካለህ ከዚያ በላይ ምልክት አያስፈልግህም።

ያችን 1,200 ዶላር የሰበሰብኳት በሌሊት ፈረቃ ነው። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው የጻፍኩት።

ሰብሳቢዋ (ዲሲ) · ማክሰኞ

ልጄ፣ ስለ እቁቡ ልንገርህ። እቁብ መሰብሰብ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። የመጀመሪያው ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። የተከሰስኩ ነበር የመሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ጠዋት አንድ ጠበቃ ጋ ስደውል "እትዬ፣ አልተከሰሱም፤ አበዳሪ ስለሆኑ ነው የተላከልዎት" አለኝ።

አየህ፣ ሰዎቹ ያዘኑብህ በብሩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከወረቀቱ በፊት የአንተን ድምፅ አልሰሙም። እኔ ያንን ልጅ የተቀየምኩት በዚህ ነው። "እትዬ፣ እንዲህ ሆኛለሁ፣ ደብዳቤ ይመጣል፣ አይደንግጡ" ቢለኝ ኖሮ አብሬው አለቅስ ነበር።

እሱ በሦስተኛው ወር ቤቴ መጣ። ቡና አፈላሁለት። ብዙ አልተናገረም። በወር 100 ዶላር እየሰጠ ጨረሰው። ማንም አላስገደደውም። ሁለተኛው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልታየም። መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። የእሱ ነገር ከገንዘቡ በላይ ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። እቁቡ ሲወጣልህ ዋስ የሆነህ ማነው? ያ ሰው የቀረውን ከፍሎልህ እንደሆነ መጀመሪያ የምትሄደው እሱ ጋ ነው።

ናፍታ ሹፌር · ማክሰኞ ሌሊት

እትዬ፣ ያነበብኩት ትራክ ማቆሚያ ላይ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዋሴ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። አዎ፣ ሁለት ዙር ከፍሎልኛል። አልነገረኝም፣ ከሰው ነው የሰማሁት። ግን እኔ አሁን ብከፍላቸው ሕጉን መጣስ አይሆንብኝም? ፈርቻለሁ።

መዝገብ ያዥ (አትላንታ) · ረቡዕ

ጠበቃ አይደለሁም። ታክስና የሒሳብ ሥራ ነው የምሠራው፣ ይህን ጥያቄ ግን በየጊዜው እሰማለሁ።

ጠበቃህ እቁቡን ማስገባቱ ትክክል ነው። ፋይል ስታደርግ በመሐላ ነው የምትፈርመው። ሁሉም አበዳሪ መጻፍ አለበት፤ እናትህም ብትሆን፣ የእቁብ ሰዎችም ቢሆኑ። ዲስቻርጅ ከወጣ በኋላ ማንም እንድትከፍል ሊያስገድድህ አይችልም። ደውሎ መጠየቅም ክልክል ነው። አንተ ግን በራስህ ፈቃድ፣ አሁን ከምታገኘው ደመወዝ ብትከፍል የሚከለክልህ ነገር የለም። የባንክራፕሲ ሕጉ ራሱ ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። አዲስ ውል ግን አትፈርም። በቃልህና በአቅምህ ይሁን።

ዋስህን በተመለከተ፣ ቻፕተር 7 የሚያድነው ፋይል ያደረገውን ሰው ብቻ ነው። ዋሱ ላይ ያለው ግዴታ አይነሳም። ለመኪና ወይም ለካርድ ኮሳይን ያደረገላችሁ (አብሯችሁ የፈረመ) ሰው ካለ እሱም እንደዚሁ ነው። ይህንን ብዙ ሰው ፋይል ካደረገ በኋላ ነው የሚያውቀው፤ ቤተሰብም የሚቀያየመው እዚህ ላይ ነው።

ገና ፋይል ላላደረጋችሁ አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፋይል ከማድረጋችሁ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለወንድም ወይም ለእህት ዕዳ ከከፈላችሁ፣ ትረስቲው (ፋይሉን የሚመረምረው ተሿሚ) ገንዘቡን ከእነሱ ሊጠይቅ ይችላል። በፍቅር ያደረጋችሁት ወንድማችሁን ፍርድ ቤት ያቆመዋል። ሁለተኛ፣ የከፈላችሁበት ገና ያልወጣ እቁብ ንብረታችሁ ነው። ለጠበቃችሁ ንገሩት። "እቁብ አሜሪካኖች አያውቁትም" እያሉ የሚደብቁ አሉ። ትረስቲው የባንክ ስቴትመንት ላይ በየወሩ ለአንድ ሰው የሚላክ እኩል ብር ሲያይ መጠየቁ አይቀርም።

አንድ የታክስ ነገር ደግሞ አለ። ዕዳህ መሰረዙን የሚገልጽ 1099 ሲ የሚባል ፎርም ከአበዳሪዎችህ ሊመጣልህ ይችላል። አትደንግጥ፣ ግን አትጣለው። በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ እንደ ገቢ አይታክስም። ነገር ግን ታክስ ስትሠራ 982 የሚባለውን ፎርም መሙላት አለብህ። ካልሞላህ አይአርኤስ (የታክስ መሥሪያ ቤቱ) ገቢ አድርጎ ይቆጥርብሃል።

ጥያቄ አለኝ (ሚኔሶታ) · ረቡዕ

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ ባንክራፕሲ ካደረግን ዜግነት ይከለክሉናል ይላል። እናቴንም ላመጣት ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ። እውነት ነው?

መዝገብ ያዥ · ረቡዕ ማታ

ባንክራፕሲ ማድረግ ብቻውን ዜግነት አይከለክልም። ሕጋዊ መብት ነው። የሚያስቸግረው ታክስ አለመክፈል፣ የልጅ ማሳደጊያ አለመክፈል፣ ወይም ፍርድ ቤት ላይ መዋሸት ነው። ለእናትሽ የሚታየው ገቢሽ ነው። እንደ ቤተሰብሽ ቁጥር ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ መድረስ አለበት፤ የታክስ ወረቀትሽም ይጠየቃል። ክሬዲት ስኮር አይጠየቅም። ለኢሚግሬሽን ጠበቃሽ ግን ንገሪው።

የቤት ብድር ላይ የምሠራ (ቨርጂኒያ) · ሐሙስ

ስለ ቤት ማንም በዝርዝር አልጻፈም፣ እኔ ልሞክር።

ከቻፕተር 7 ዲስቻርጅ በኋላ ለኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስ ለሚሆንበት የቤት ብድር) የሚጠበቀው 2 ዓመት ነው። የቀድሞ ወታደሮች ለሚያገኙት የቪኤ ብድርም እንደዚያው 2 ዓመት። ለኮንቬንሽናል (መንግሥት ዋስ ላልሆነበት መደበኛ ብድር) 4 ዓመት። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ከዲስቻርጁ ቀን ነው፤ የብሌን እናት ከጻፈችው ከሪፖርቱ ቆጠራ ጋር አታምታቱት። ቻፕተር 13 ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ 12 ወር በጊዜ ከከፈለና ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት ኤፍኤችኤ ማመልከት ይችላል። የኤፍኤችኤ ሕግ 580 ስኮር ላለው 3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይበቃዋል ይላል። ከ500 እስከ 579 ከሆነ 10 በመቶ። ብዙ አበዳሪዎች ግን ከዚያ ከፍ ያለ ስኮር ስለሚጠይቁ 620 እና ከዚያ በላይ አስብ።

ጠረጴዛዬ ጋ የሚመጡ ሰዎች ላይ የማየውን ልንገርህ። ባንክራፕሲው ሳይሆን ከባንክራፕሲው በኋላ የዘገየች አንዲት ክፍያ ናት ፋይሉን የምትጥለው። ያለፈውን ሥራ አጥቼ ነበር፣ ታምሜ ነበር ብለህ በደብዳቤ ታስረዳለህ። ከዲስቻርጅ በኋላ የመጣችዋን የ30 ቀን መዘግየት ማስረዳት ከባድ ነው። ስለዚህ አውቶፔይ አድርግ። ኪራይህን በቼክ ወይም በባንክ ክፈል፤ የ12 ወር ማስረጃ እንጠይቅሃለን። ቤዝመንት በካሽ የሚከራይ ሐበሻ ጎበዝ ከፋይ ሆኖ ማስረጃ የለውም። ቢያንስ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክበት) ላኩ፣ "ኪራይ" ብላችሁ ጻፉበት።

ሌላም አለ። ስልካችሁ ላይ በነጻ የምታዩት ስኮር ብዙ ጊዜ ቫንቴጅ ስኮር የሚባለው ነው። ለቤት በአብዛኛው የምናየው ፋይኮ ነው። 40 ነጥብ ሲለያዩ አይቻለሁ። ሰው በስልኩ 640 አይቶ ይመጣና እኛ ጋ 598 ሲሆን ያዝናል።

ታክሲ 12 (አሌክሳንድሪያ) · ሐሙስ

ዲስቻርጅ በወጣልኝ በሳምንቱ ከመኪና ሻጮች አሥራ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። "ጸድቆልዎታል" ይላል። ሥራዬ መኪና ስለሆነ ሄድኩ። በ23 በመቶ ወለድ ፈረምኩ። ለ14,000 ዶላር መኪና በስድስት ዓመት ከ25,000 በላይ ልከፍል ነበር። ወንድሜ የኩባንያ ትራክ ስላለህ ለአንድ ዓመት መኪና አትግዛ። ግዴታ ከሆነብህ መጀመሪያ ክሬዲት ዩኒየን ጠይቅ። እኔ ዓመት ሙሉ በጊዜ ከፍዬ በ11 በመቶ ሪፋይናንስ አደረግኩት፤ ያ ዓመት ግን ብዙ በላኝ።

የብሌን እናት · ሐሙስ ማታ

ታክሲ 12 የጻፈው ላይ አንድ ልጨምር። ባንክራፕሲው ውስጥ መኪናቸውን ያቆዩ ሰዎች፣ ሪአፈርም ካላደረጋችሁ (ዕዳውን እንደገና ለመክፈል ካልፈረማችሁ) በየወሩ ብትከፍሉም ብዙ ጊዜ ለቢሮዎቹ ሪፖርት አይደረግም። እኔ ሁለት ዓመት ከፍዬ አንዷም አልተመዘገበችልኝም። ፈርሙ ማለቴ ግን አይደለም፤ ከፈረማችሁ ዕዳው እንደገና የእናንተ ነው። ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ናፍታ ሹፌር · ከስምንት ወር በኋላ

ሰላም ቤተሰብ። እንደጠፋሁ አትቁጠሩኝ። የሚወራ ነገር እስኪኖረኝ ነው የጠበቅኩት።

ሪፖርቴን እንደተባልኩት አትሜ ከዝርዝሩ ጋር አስተያየሁ። አምስት ስህተት አገኘሁ። የትራኩ ቀሪ ዕዳ 31,000 ዶላር አሁንም እንዳለብኝ ተጽፎ ነበር፣ ሁለት ቦታ። ዲስፒዩት ጻፍኩ። አራቱ በመጀመሪያው ወር ተስተካከሉ። አምስተኛው ሲያስቸግረኝ ጠበቃዬ አንድ ደብዳቤ ላከላቸው፤ በሁለት ሳምንት ወረደ።

ከክሬዲት ዩኒየን የ300 ዶላር ሴኪዩርድ ካርድ አለኝ። የልጆቹ ኢንተርኔት ትምህርት 20 ዶላር ብቻ ነው የሚከፈልበት። የክሬዲት ቢልደሩን ሰባተኛ ወር ከፍያለሁ። ባለቤቴ "ያንተ እቁብ ስንተኛ ዙር ደረሰ" ትለኛለች። ስኮሬ ትናንት 627 ነው፣ ፋይኮው። ለ1,500 ዶላሩ ሰውዬ አልከፈልኩም። ከሬንተን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አንተ ነህ ያዳንከኝ።

እትዬ ሰብሳቢዋ፣ ሄድኩ። መጀመሪያ ዋሴ ጋ። በሩን ሲከፍት ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ፖስታውን ሰጠሁት። አልቀበልም ብሎ ሲግደረደር ባለቤቱ ወጥታ "ግባ መጀመሪያ፣ ምሳ ደርሷል" አለችኝ። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ሰብሳቢያችንን ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። በወር 200 ዶላር እከፍላለሁ አልኳቸው። ደብተራቸውን አውጥተው ስሜ ያለበትን ገጽ ገለጡ። ስሜን አልሰረዙትም ነበር። ከጎኑ በእርሳስ "ይመጣል" ብለው ጽፈውበታል። ዋሴ ከከፈላቸው ሁለት ዙሮች ሌላ እስካሁን 1,200 ከፍያለሁ፤ 800 ይቀረኛል።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ክሬዲት ዩኒየኑ ያስያዝኩትን 300 ዶላር መልሶ ካርዱን መደበኛ አድርጎ ሊሚቱን 1,000 ሊያደርግልኝ ነው። ልቀበል ወይስ ልቆይ?

የብሌን እናት · በዚያው ማታ

ተቀበል። 300ውን ለእቁቡ ስጣቸው። ካርዱ ላይ ግን ያችው 20 ዶላር ብቻ ትቀጥል።